«ጠገባችሁ?» ያልኩበት ዓመት

ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። የሰቆጣ ሰው ሁሉ ባንዴ አጠረ እንዴ? ወይስ ሱሪው ነው እየረዘመ የሚመጣው... ሁሉም ለጥር ሰርግ ይቸኩላል።

እንደ ልማዴ ሚፍታሕ በረንዳ ላይ ነኝ። እሱ ሱቁ ውስጥ ለሰው ስልክ ዘፈን ይጭናል፤ እኔ ደጁ ላይ የስፌት መኪናዬን አሽከረክራለሁ። ኪራይ ጠይቆኝ አያውቅም። ደንበኛ እያሳቅሁ ስለማቆይለት ነው ይላል።

አንድ የጋዝጊብላ ገበሬ ክርኑ ላይ የተቀደደ ኮት ይዞ መጣ።

«ይኸ ኮት ስንት ሰርግ አይቷል?» አልኩት።

«ከእርስዎ ያንሳል» አለኝ።

ተሸነፍኩ። ደስም አለኝ። ቀልድ የሚጥመው የሚመልስ ሰው ሲገኝ ነው።

ወደ ማታ እህቴ ጥሩሐረግ ዘንድ ጎራ አልኩ። ልጇ ሰላማዊት ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። «በሩን የምትይዘው አንተ ነህ። ከአሁኑ አስብበት» አለችኝ። አስቤስ አላውቅም። አፌ ሲከፈት ነው የሚመጣው።

ይኸን ማስታወሻ ለምን እንደምጽፍ እኔም አላውቀው። ፊደል የለየሁት ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ነው። ለዚህ መሰለኝ ጽሑፌ ሁሉ መጨረሻ የሌለው... ጋዜጣው ሁልጊዜ ተቀዶ ነበር የሚደርሰኝ።


ጥር 25

ትናንት ሰላማዊትን ዳርናት። ድምፄ ተዘግቷል።

ሙሽራው ገበያው የአምደወርቅ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ይስማው ንብ ያረባል፤ ማሩን በገበያ ቀን አውጥቶ ይሸጣል። ሰርገኞቹ ዳሱ ደጃፍ ሲደርሱ መንገድ ዘጋሁ። በር የያዘ ሰው የሙሽራውን ወገን ሳይሰድብ አያሳልፍም። ስድቡ ግን ሥርዓት አለው። ንፉጉን ንፉግ አይሉትም፤ እውነት ይሆንና ጠብ ይነሣል። ንፉግ የሚባለው ለጋሱ ነው። ፈሪ የሚባለውም ጀግናው። በዳሱ ያለ ሁሉ ይኸን ያውቃል፤ የሚስቀውም ስለሚያውቅ ነው። ታዲያ ከይስማው የተሻለ ለጋስ የት ይገኛል? የጋብቻውን ነገር ልንጨርስ ቤቱ የሄድን ጊዜ ማር አብልቶ አብልቶን፣ ስንመለስ ወንዝ ባገኘን ቁጥር እየተደፋን ውሃ ስንጠጣ ነው የመጣነው።

እና እንዲህ አልኩ። «አቶ ይስማው ቤት እንግዳ ሲመጣ የማሩ ማሰሮ ይቀርባል።» ክዳን እንደሚከፍት ሰው ሆንኩ። «እንግዳውም ጎንበስ ይልና ያሸታል።» ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ከዚያ ክዳኑን ክድን አደረግሁና፣ «ጠገባችሁ?»

ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ይስማው ጋቢውን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። እንባውን እየጠረገ መጣና፣ «ጠግበናል፣ አሁን አሳልፈን። የናንተ ቤት እኮ ሽታም የለው» ብሎ መለሰልኝ። ከኔ ይበልጥ ተሳቀለት። አቅፎ ሳመኝ።

ሚፍታሕ ለካ በስልኩ ሲቀርጽ ኖሯል። ዛሬ አሳየኝ። ሳወራ ጆሮዬ እንደሚንቀሳቀስ በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው።


የካቲት 4

ሚፍታሕ ሱቅ መግቢያ የለም። ዘፈን የሚጠይቅ ጠፋ። «የሰውዬውን ጫንልን» ነው የሚሉት። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ይጠብቃሉ። ብሉቱዝ ይሉታል። ሳይነካካ ይተላለፋል፤ እንደ ጉንፋን።

«ጋሽ ምንዋጋው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ልስጥ?» አለኝ ሚፍታሕ።

«ስጥ እንጂ። ከኔ ምን ይጎድላል?»

አንድ ነገር ግን አየሁ። የይስማው መልስ የለበትም። ሳቁም የለም። እኔ «ጠገባችሁ?» ስል ያልቃል።

«እንዳይከብድ ቆርጬው ነው» አለ። «ከረዘመ አይሄድም።»

እውነቱን ነው። ልኩን ያገኘ ነገር ያምራል። ሱሪ አሳጣሪ ይኸን ካላወቀ ማን ሊያውቅ...


መጋቢት 6

ከአበርገሌ ፍየል ይዘው የወጡ ሰዎች ፍየላቸውን መንገድ ላይ ትተው እኔን ሊያዩ መጡ። አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ለጓደኛው «ራሱ ነው» አለው። ራሴ መሆኔን እኔም ተጠራጥሬ ነበር፤ አረጋገጠልኝ።

መንገድ ላይ «ጠገባችሁ?» ይሉኛል። «ጠገብን» እላለሁ። ጾም ነው፤ ሆዴ ባዶ ነው፤ ግን ጠግቤያለሁ።

ጅዳ ያለችው የሚፍታሕ እህት ረውዳ ደወለች። እዚያ በኮምፒውተር አይታኛለች። የማናውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ ሺህ ሰው አይቶታል።

«ኢንተርኔቱ የት ነው ያለው?» አልኩት ሚፍታሕን።

«የትም ነው ጋሽ ምንዋጋው።»

«እና እኔ አሁን የትም ነኝ?»

«የትም ነዎት።»

ደብረ ብርሃንን ያላየሁ ሰውዬ። ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ። ሺህ ሰው። ሺህ ሰው የሚይዝ ዳስ ምን ያህል ይሆን?


ሚያዝያ 26

ከደሴ ተመለስኩ። ለፋሲካ ሰሞን ዝግጅት መድረክ ላይ እንድወጣ ነበር የጠሩኝ።

አዲስ ቀልድ ይዤ ሄጄ ነበር። ስለ ልብስ ሰፊና ስለ ሚስቱ... ጥሩ ነበረች። አዘጋጁ ግን፣ «አባባ፣ ያቺን ብቻ» አለኝ። «ያቺን ብለው ይውረዱ።»

አፌን ሳልከፍት ሳቁ። ክዳኑን ገና ስከፍት እነሱ «ጠገባችሁ?» አሉ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ለኔ ምንም አልተረፈኝም። ወረድኩ።

ከመድረኩ ኋላ አንዲት ዘንጣ የለበሰች ልጅ መጣች።

«ሰውዬው ግን አሁንም አለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ንፉጉ።»

ምን ልበላት? ንፉግ አይደለም፣ ለጋስ ስለሆነ ነው ንፉግ ያልኩት ብዬ... ረጅም ነው። መኪናው ሊነሣ ነው። ሰው ከቦናል።

ሳቅሁ። «አለ፣ አለ» አልኩ።

ለምን ሳቅሁ?


ግንቦት 16

ገበያው ከአምደወርቅ መጣ። አማቻችን ነው፤ ሮጬ ላቅፈው ስነሣ እጁን ብቻ ሰጠኝ። በርጩማ ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«እሺ፣ አባትህ ማሰሮውን ከፈተ ወይስ እንደ ተከደነ ነው?» አልኩት። ልማድ ክፉ ነው።

«አያ ምንዋጋው፣ አይቀልዱ» አለኝ። «አባቴ ገበያ መውጣት ትተዋል።»

አምደወርቅ ገበያ ማሩን ይዞ ሲቀመጥ ሰው እየመጣ ጎንበስ ይልና ያሸታል። «ጠገብን» ብሎ ያልፋል። ኋላ ያለው ይስቃል። የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ተቆጥተውለት ነበር። ሩቅ ቀበሌ ያለው፣ ለሥራ የመጣው፣ ሹፌሩ፣ ተማሪው ግን ከየት ይወቀው? ስልኩ ውስጥ ያየው አንድ ነገር ነው። የአምደወርቁ ይስማው ንፉግ ነው። በቃ።

መሬት መሬቱን እያየ ሌላም ነገረኝ። ሰላማዊት ነፍሰ ጡር ናት። ልቤ ዘለለ። ግን ለመውለድ ወደ እናቷ አትመጣም።

«የመጀመሪያ ልጅ እኮ ነው» አልኩት። «የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ይኸ ይጠፋሃል?»

«አይጠፋኝም። አባቴ ናቸው ይዘዋት መምጣት ያለባቸው። በዚህ መንገድ አልሄድም፣ ሰቆጣ መናኸሪያ አልቆምም አሉ። እሳቸውን ጥዬ እኔ ባመጣት ደግሞ ሰው ምን ይላል? አዋርዷቸው ቤታቸውን ዘሎ ሄደ ነው የሚባለው።»

የምሰፋውን ሸሚዝ ሳልጨርስ መኪናዬን ከደንኩ።


ግንቦት 17

ለጥሩሐረግ ነገርኳት። ለልጇ ገንፎ የሚሆነውን ገብስ ስትለቅም ነበር። ለቀማውን አልተወችም።

«አንተን ሺህ ሰው አይቶሃል አሉ» አለችኝ።

«እንደዛ ይላሉ።»

«እኔ አንዷን ልጄን እንኳ ላላያት ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሥርዓቱ እመልስ ነበር።


ሰኔ 20

ቢራ የምትጠጣ ፍየል በስልክ መጥታለች። ከየት እንደሆነች አይታወቅም። ጠርሙሱን በሁለት እግሯ ይዛ... ሚፍታሕ ሱቅ ሰው ሞልቶ ይስቃል። እኔን አልፈውኝ ነው የሚገቡት። አንዱ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» አለኝ።

እውነቱን ልጻፈው፤ ማንም አያየው። በፍየሏ ቀናሁ።

ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እኔን ከረሱ ይስማውንም ይረሱት ይሆናል። ተጽናናሁ። ገበያው ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ አስደወልኩ።

«እርስዎን ረስተዋል» አለኝ። «እሳቸውን ግን በየገበያው ቀን ያዩአቸዋል እኮ።»


ሐምሌ 12

አምደወርቅ ነኝ፤ የምጽፈው ከማደሪያ ነው። ዝናቡ አላቋረጠም።

አባ ወልደ ሐዋርያትን ሽማግሌ አድርጌ ይዤ መጣሁ። የሰላማዊት የንስሐ አባት ናቸው። መንገድ ላይ ሳላወራ ስለመጣሁ «አሞሃል?» ብለውኝ ነበር።

ይስማው ደጅ ስንደርስ ድንጋይ አነሣሁ። ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ጎረቤት ወጣ። ብዙ ሰው ነበር። ድንጋዩ አልከበደኝም። የከበደኝ ዝምታው ነው። ሰው ከቦኝ ሳይስቅ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

ይስማው ራሱ መጥቶ ድንጋዩን በእጁ አወረደልኝ። ከስቷል።

«አቶ ምንዋጋው፣ ይነሡ» አለኝ። ያን ቀን በዳሱ «አሳልፈን» ብሎ እንደ ወንድሙ ነበር ያናገረኝ። «እርስዎን ይቅር ብያለሁ። ያን ዕለትም አልተቀየምኩም። የማላውቀውን ሰው ግን እንዴት አድርጌ ይቅር ልበል? ማን ብዬ?»

አባ ወልደ ሐዋርያት መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት።

በዚህ መሐል አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጽ ኖሯል። ገበያው ሊነጥቀው ሄደ። ይስማው ከለከለው።

«ተወው፣ ይቅረጸው። ያኛው በሄደበት ይኸም ይሂድ።»

ደስ አለኝ። ለካ መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩ ፊት ዞሬ በደንብ አድርጌ ተናገርኩ። ምንዋጋው እባላለሁ፤ አቶ ይስማው ለጋስ ነው፤ በኛ አገር ሰርግ ለጋሱን ነው ንፉግ የምንለው፤ ማሩን በልቼ አውቃለሁ... ይስማው ቆሞ ይሰማኝ ነበር። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

ሰላማዊትን ከኋላ አየኋት። ሆዷ ገፍቷል። እጅ ነሣችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ማር ቀረበልን። በላሁ።


ነሐሴ 9

የአምደወርቁ ጎረምሳ የቀረጸው ሚፍታሕ ዘንድ ደርሷል፤ ለመንኩት። ለመጣው ሁሉ ጫንለት፣ ዘፈን ሲጠይቅህ ጨምረህ ስጥልኝ። እሺ አለ፤ ደግ ልጅ ነው። ለረውዳም ላከላት።

ዛሬ እውነቱን ነገረኝ።

«ጋሽ ምንዋጋው፣ አልሄደም።»

«ከብዶ ነው? ቁረጠው።»

«ቆርጬው ነበር። እኔ ስጭንላቸው ይሉኝታ ይዟቸው ይወስዳሉ። ከዚያ ቦታ ሲጠባቸው መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው። ረውዳም ለጓደኞቿ አሳይታ ነበር። ምኑ ነው የሚያስቀው? አሏት።»

«አያስቅም እኮ። ለመሳቅ አይደለም።»

«እሱ ነው ችግሩ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ለደንበኞቼ በአፌ መናገር ጀመርኩ። ሱሪ ስለካ፣ ቁልፍ ስተክል... ስለ አንድ ለጋስ ሰው። በትሕትና ይሰሙኛል። አንዱ ግማሽ ላይ «ያቺን ያሽትቱንና እንሂድ» አለኝ።


መስከረም 30 ቀን 2002

ይስማው ሰላማዊትን ይዟት መጣ።

አላመንኩም። ከበረንዳዬ ሳያቸው እሱ በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ የሷን ሻንጣ ይዟል። ሮጬ ሻንጣውን ተቀበልኩት። ጥሩሐረግ ቤት ድረስ አብረን ሄድን። እህቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ይዞ አነሣት። «የልጅ ወግ በኔ አይቀርም» አላት። ቆሞ ውሃ ጠጣ። ተቀመጥ ብንለው፣ ብንለምነው... በዚያው መኪና ተመለሰ።

መንገዱን ሰላማዊት ነገረችኝ። አምደወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ በሩን ዘግቶ፣ «ጠገባችሁ?» አለ።

«አውቆ ነው?»

«ኧረ አያ፣ ማንንም አያውቅም። አሁን ሁሉም ረዳት እንደዛ ነው የሚለው። መኪናው ሞላ ወይ ማለቱ ነው። ተሳፋሪውም ጠገብን አለ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም።»

«እሱስ?»

«እጄን ይዘውኝ ነበር። እስክንደርስ አልለቀቁኝም። እኔ እንዳልፈራ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ...»

በየመንደሩ ሰው በወረደና በገባ ቁጥር ረዳቱ ይለዋል። ያ ሁሉ መንገድ።


ጥቅምት 24

ሴት ልጅ። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ጥሩሐረግ እልል አለች።


ጥር 15 ቀን 2002

ትናንት ልጂቱ ክርስትና ተነሣች። አመተ ማርያም አሏት።

ይስማው ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት መጥቶ ነበር። ሕፃኗን አቅፎ ግንባሯን ሳመ። ወደ ቤት ሲሆን ግን «መኪና ያመልጠኛል» አለ። ገና ረፋድ ነው፤ መኪና እንደ ልብ ነው። የማይገባን ሰዎች አይደለንም። ማንም አላስጨነቀውም።

እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ልንደርስ ስንል ቆመ።

«እኔ እኮ ያን ቀን ስቄያለሁ» አለኝ።

«አውቃለሁ። እንባህ እስኪመጣ።»

«መልሼልህም ነበር።»

«መልሰህልኛል። ከኔ ይበልጥ ተሳቀልህ።»

«አዎ...» አለ። ጋቢውን ወደ አፉ ሳበና ወደ ሰዉ ገባ።

እንደ ድሮው «አንተ» እንዳለኝ ያስተዋልኩት ስመለስ ነው።

ቤት ስደርስ ዳሱ ሞልቷል። «መጣ፣ መጣ። በል አያ ምንዋጋው፣ የክርስትና እናቷን አንድ በልልን» አሉኝ። ድሮ ከመናገሬ በፊት የሰው ፊት ነበር የማየው፤ ማን ሊስቅ እንደተዘጋጀ ለማወቅ። አሁን እጅ እጁን አየሁ። ብርሌ የያዘ አለ። ቁራሽ የያዘ። ጥግ ላይ ያለው ስልክ ይዟል... ሰዓት ሊያይበት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?

«ጥርሴን አሞኛል» ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጠብቀው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ማንም አልከፋውም። እሱም አመመኝ።

ሰላማዊት አየችኝ መሰለኝ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። አልጋው ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች።

«አያ፣ ልጄን ሳይሰድቡልኝ ሊሄዱ ነው?»

«ትቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ለሰው ይተዉ። እሷ ሰው ናት? ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም።» ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «እኔና እሷ ብቻ ነን።»

ተቀበልኳት። ቀለል ትላለች፤ ሞቅ ትላለች። ቅባቱ ገና ግንባሯ ላይ ነው። ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ ስለ አያቷ አንድ ነገር አልኳት። በሥርዓቱ ነው ያልኩት፤ እውነቱን ገልብጬ። ሰላማዊት ሰምታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ዓመት ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

«ይድገሙልኝ አያ፣ እንዳልረሳት።»

አልደገምኩላትም። እዚህም አልጽፈውም።